ያረጀ መኪና ከኋላ ሲንኳኳ፦ የትኛውን ክፍል፣ በየትኛው ዓይነት መለዋወጫ መቀየር ይሻላል?

ኮብልስቶን ላይ በዝግታ ሲሄድ ከኋላ «ኳ ኳ» ማለት የጀመረ ያረጀ ኮሮላ ወይም ቪትዝ ጋራዥ ሲገባ፣ ገና በክሪክ ሳይነሳ «አሞርዛተሩ አልቋል» መባሉ የተለመደ ነው። አሞርዛተር የሞላውን መንሳፈፍ የሚያበርደው፣ ውስጡ ዘይት ያለበት ክፍል ነው። አንዳንድ ጊዜ አባባሉ ትክክል ነው። ብዙ ጊዜ ግን አሞርዛተሩ ገና የሚያገለግል ሆኖ ድምፁ የሚመጣው ከአሞርዛተሩ በጣም ከሚረክስ አንድ ጎሚኒ (በብረት መገጣጠሚያ ውስጥ የሚገባ ጎማ)፣ ከላላ ዳዶ ወይም በቦታው ካልታሰረ ስኮርታ ጎማ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ መለያውን መንገድ አሳያለሁ፤ ቀጥሎም ጥፋተኛው ክፍል ከታወቀ በኋላ ከኦሪጅናል፣ በሌላ አምራች ከተሠራ አዲስ፣ ካገለገለና ከተጠገነ ዕቃ መካከል ለየትኛው ገንዘብ ማውጣት እንደሚገባ አነጻጽራለሁ።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ በራሴ ኮሮላ ላይ የደረሰው ነው። መኪናዋ በ1998 እ.ኤ.አ. የተመረተች፣ በተለምዶ ኢ110 በሚባለው ትውልድ ውስጥ ያለች ናት። ከኋላ በቀኝ በኩል መንኳኳት ስትጀምር አንድ ጋራዥ ሁለቱም የኋላ አሞርዛተሮች እንዲቀየሩ ነገረኝ፤ ገዝቼ አስቀየርኩ፤ ማታ ወደ ቤት ስመለስ ድምፁ እንዳለ ነበር። በማግስቱ ከኋላ ወንበር ጀርባ ያለውን ሽፋን አንስቼ መዳፌን የአሞርዛተሩ ጫፍ በሚታሰርበት መቀመጫ ላይ አሳረፍኩ፤ ወንድሜ ደግሞ የዕቃ መጫኛውን ጠርዝ በሁለት እጁ ወደ ታች እየተጫነ ይለቅ ጀመር። በተለቀቀ ቁጥር መዳፌ ሥር አንድ ደረቅ ምት ይሰማኝ ነበር። የላይኛው መቀመጫ ጎማ ከብረቱ ተላቋል። አዲሶቹ አሞርዛተሮች የተገጠሙት በአሮጌዎቹ መቀመጫዎች ላይ ስለነበር ያወጣሁት ገንዘብ የድምፁን ምንጭ አልነካውም።

የመኪናዎ የኋላ አሠራር የትኛው ነው?

የሚገዛው ዕቃም የሥራው ክብደትም የሚወሰነው በዚህ ስለሆነ፣ ወደ መርካቶ ከመሄድዎ በፊት ጎንበስ ብለው ከመኪናው ሥር ይመልከቱ።

በኢ110 ኮሮላ፣ ከእርሱ በፊት በነበሩት ኢ90 እና ኢ100 ላይም፣ የኋላ ጎማዎች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን ችለው ይንቀሳቀሳሉ። ሞላውና አሞርዛተሩ አንድ ላይ ተሰክተው ይቆማሉ፤ ጎማውን በቦታው የሚይዙት ደግሞ ሁለት የጎን ዘንጎችና አንድ ወደ ፊት የሚሄድ ዘንግ ናቸው፤ ዘንጎቹም በየጫፋቸው ጎሚኒ አላቸው። በአንድ ጎን ብቻ ስድስት የጎማ መገጣጠሚያ ማለት ስለሆነ፣ ስታቢላይዘር (ግራና ቀኝ ጎማን አገናኝቶ መኪናው እንዳያጋድል የሚይዝ ዘንግ) ካለው የእርሱ ሊንክ (አጭር ማያያዣ) እና ማሰሪያ ጎማ ሲጨመርበት፣ ድምፅ ሊያወጣ የሚችለው ቦታ ብዙ ነው። በዚህ ዓይነት መኪና ላይ በግምት ዕቃ መቀየር የሚያስወጣው ወጪም ከፍተኛ የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው።

ቪትዝና ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጣው ኢ120 ኮሮላ ግን ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኝ አንድ ወፍራም የብረት ምሰሶ አላቸው። ምሰሶው ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዘው በፊት ለፊቱ ባሉ ሁለት ትላልቅ ጎሚኒዎች ነው፤ በቪትዝ ሞላውና አሞርዛተሩ ተለያይተው ይቀመጣሉ፣ በኢ120 ግን ሞላው በአሞርዛተሩ ላይ ተሰክቶ ይቆማል። ሊጠረጠር የሚችለው ክፍል ጥቂት ስለሆነ ምርመራው ቀላል ነው። በቪትዝ አሞርዛተሩንም ሞላ ሳይጨመቅ መቀየር ይቻላል፤ በኢ110 እና በኢ120 ላይ ግን ሞላው በመጨመቂያ ካልታሰረ በቀር የላይኛውን የመሃል ዳዶ መፍታት ሕይወት የሚያሳጣ አደጋ ነው። እንደ ሃይሉክስ ያሉ የጭነት መኪኖች ባሌስትራ (ከተደራረቡ የብረት ቅጠሎች የተሠራ ሞላ) ስለሚጠቀሙ ስለ እነርሱ ለብቻ በአጭሩ እመለሳለሁ።

ድምፁን ከሚሰማበት ሁኔታ ጋር ማዛመድ

በመጀመሪያ የዕቃ መጫኛውን ሙሉ በሙሉ ባዶ ያድርጉት። ክሪኩን፣ የጎማ መፍቻውን፣ ስኮርታውንና ጀሪካኑን አውጥተው ያንኑ የሚያንኳኳበትን መንገድ በዚያው ፍጥነት ይድገሙት። ይህ ምንም ወጪ የሌለው ፍተሻ ቀላል በመምሰሉ ብዙ ሰው ያልፈዋል፤ ነገር ግን የስኮርታው ማሰሪያ ብሎን መላላት ከአሞርዛተር ምት ጋር በጣም የሚመሳሰል ድምፅ ያወጣል። ቀጥሎ የኋላ ወንበር መደገፊያው በመቆለፊያው በደንብ መያዙን፣ የማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) መስቀያ ጎማዎች አለመበጠሳቸውንና ማርሚታው በእጅ ሲወዛወዝ ከምሰሶው ወይም ከወለሉ ጋር አለመጋጨቱን ይመልከቱ። ማርሚታውን የሚነኩት ግን ሞተሩ ከቆመና ብረቱ ከቀዘቀዘ በኋላ ይሁን።

እነዚህ ነጻ ከሆኑ ድምፁ ራሱ ብዙ ይናገራል። በትናንሽ ጉድጓዶችና በኮብልስቶን ላይ በዝግታ ሲሄዱ የሚሰማ ፈጣንና ደረቅ «ኳ ኳ ኳ» ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ክፍተት ካበጀ መገጣጠሚያ ነው፤ እርሱም የአሞርዛተሩ የላይኛው መቀመጫ፣ የላላ የአሞርዛተር ዳዶ ወይም የስታቢላይዘር ሊንክ ሊሆን ይችላል። የስታቢላይዘር ሊንክ መለያው አንድ ጎማ ብቻ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ መጮኹ፣ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እኩል በፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ሲወጡ ግን ድምፁ መጥፋቱ ወይም በጣም መቀነሱ ነው፤ ሁለቱ ጎማዎች አብረው ሲነሱ ስታቢላይዘሩ አይጠመዘዝምና።

መኪናው ሲነሳና ፍሬን ሲያዝ፣ ወይም ማርሽ ከወደ ፊት ወደ ኋላ ሲቀየር አንድ ጊዜ ብቻ «ድው» ካለ፣ ጎማውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይሄድ የሚይዘውን ጎሚኒ ይጠርጥሩ። በቪትዝ ላይ እነዚህ የምሰሶው ሁለት ትላልቅ ጎሚኒዎች ናቸው፤ በኢ110 ላይ ደግሞ ወደ ፊት የሚሄደው ዘንግ ጎሚኒ ነው። መኪናው በረጅም ጉድጓድ ላይ እስከ መጨረሻው ቁጭ ብሎ ከባድ ምት ካሰማና ከዚያም ሁለት ሦስት ጊዜ ከተንሳፈፈ፣ አሞርዛተሩ በእርግጥ ኃይሉን ጨርሷል፣ ወይም ምቱን የሚያበርደው የጎማ ማቆሚያ ተበጣጥሶ አልቋል።

ሰው ሲቀመጥና ሲነሳ «ሲጥ ሲጥ» የሚል ድምፅ የደረቀ ጎማ ምልክት ነው። ለዚህ አስተማማኙ መለያ ውኃ ነው፤ በፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን ላይ ቀዳዳ አበጅተው የሚጠረጠረውን ጎሚኒ አንድ በአንድ ያርጥቡት፣ በእያንዳንዱ መካከልም ሌላ ሰው መኪናውን ይጫነው። ድምፁ ለጥቂት ደቂቃ ከጠፋ ጥፋተኛው መጨረሻ የረጠበው ነው። በውኃ ፈንታ የተቃጠለ ዘይት ወይም ናፍታ መቀባት አይገባም። አንዳንድ እጥበት ቤቶች ከመኪና ሥር ናፍታ መርጨትን እንደ ጥሩ አገልግሎት ያቀርቡታል፤ ነገር ግን ናፍታና ዘይት የተፈጥሮ ጎማን ያሳብጣሉ፣ ያለሰልሳሉ፣ በመጨረሻም ያፈርሱታል። መቀባት የግድ ከሆነ ለጎማ የሚስማማው የሲሊኮን ቅባት ነው።

ከፍጥነት ጋር እያደገ የሚሄድ፣ በአስፋልትም ላይ የማይቀር የማያቋርጥ ጉርምርምታ ከሆነ ነገሩ ከሞላና ከአሞርዛተር የተለየ ነው፤ የጎማው ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት ቢሊያ ያለው ክፍል) ወይም ያልተስተካከለ የጎማ አበላል ነው። ባዶና ሰፊ ቦታ ላይ መሪውን ቀስ አድርጎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያጋድሉ ድምፁ ቢጨምርና ቢቀንስ ኩሽኔታ የመሆኑ ዕድል ይጨምራል። እንዲሁም ሰው በማይተላለፍበት ቦታ በ15 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት እየሄዱ የእጅ ፍሬኑን በጣም በጥቂቱ ሲስቡ ድምፁ ከተለወጠ፣ ታምቡሩ ውስጥ ያለው የፍሬን ሸራ ወይም የሸራው መያዣ ሞላ መላቀቁን ማየት ያስፈልጋል።

ቤት ውስጥ ማየትና ጋራዥ ማሳየት

እስካሁን ያልኩት ሁሉ መኪናው መሬት ላይ እያለ የሚደረግ ስለሆነ ማንም ባለቤት ሊሠራው ይችላል። ጎሚኒን በረጅም ካቻቪቴ ወይም በጎማ ማንሻ ብረት እየፈነቀሉ ክፍተቱን ማየት ግን መኪናው በጠንካራ የብረት መደገፊያ ላይ ተቀምጦ፣ የፊት ጎማዎቹ በድንጋይ ተይዘው ካልሆነ መሞከር የለበትም፤ በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ሥር መግባት በምንም ምክንያት አይመከርም። መደገፊያ ከሌለዎት ጉድጓድ ወይም ሊፍት ያለው ጋራዥ ይመረጣል። ጋራዥ በሚሄዱበት ጊዜ «አሞርዛተር ቀይርልኝ» ብሎ ከመጀመር ይልቅ ድምፁ በምን ሁኔታ እንደሚሰማ ነግረው፣ መካኒኩን አጠገብዎ አስቀምጠው ራስዎ ነድተው ቢያሰሙት ይሻላል። ለምርመራው ለብቻ መክፈልም ያልተበላሸ ዕቃ ከመግዛት ይረክሳል።

አሞርዛተር፦ ከአራት አማራጮች የትኛው?

አሞርዛተሩ ጥፋተኛ መሆኑን የሚያረጋግጠው በአካሉ ላይ የወረደ ዘይት ነው። ቀጭን እርጥበትና በላዩ የተጣበቀ አቧራ ብቻ ካለ ሊታገሡት ይችላሉ፤ ዘይቱ እስከ ታች ወርዶ ከተንጠባጠበ ግን አልቋል። መኪናውን በእጅ ተጭኖ የመልቀቁ ፍተሻ በግልጽ የሞተን ያሳያል እንጂ በግማሽ የደከመን አያሳይም፤ ስለዚህ በዚያ ፍተሻ ማለፉ ብቻውን ጤነኛ ነው አያሰኝም።

የመጀመሪያው አማራጭ በመኪናው አምራች ስም የሚሸጠው ኦሪጅናል ነው። ልኩና ጥንካሬው ያለ ጥርጥር የሚስማማ ቢሆንም፣ ለሃያ ዓመት መኪና ዋጋው ከመኪናው አገልግሎት ጋር ሲመዛዘን ሁልጊዜ ተገቢ አይደለም። ሁለተኛው በታወቀ የአሞርዛተር አምራች የተሠራ አዲስ ዕቃ ነው፤ በእኛ ገበያ ዘንድ በስሙ የሚታወቀው ካያባ ለቶዮታ ጭምር አሞርዛተር የሚያቀርብ የጃፓን ድርጅት ስለሆነ፣ እውነተኛው እስከተገኘ ድረስ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። ችግሩ በታወቀ ስም የታሸገ ሌላ ዕቃ መኖሩ ነው፤ በካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር በብረቱ ላይ ከተመታው ቁጥር ጋር አንድ መሆኑን፣ የግራና የቀኝ ምልክቱን፣ የብየዳውን ንጽሕናና የዘንጉን ልስላሴ አይተው፣ ደረሰኝ በሚሰጥና የማይሆን ዕቃ በሚመልስ ሱቅ ይግዙ።

ሦስተኛው ሶማሌ ተራና መሰል ቦታዎች የሚገኘው ያገለገለ አሞርዛተር ነው። ብዙዎች «ያገለገለ የጃፓን ከአዲስ ርካሽ ይበልጣል» ይላሉ፤ አባባሉ እውነትነት አለው፣ ነገር ግን የሚሠራው ገዢው መፈተሽ ከቻለ ብቻ ነው። አሞርዛተሩን እንደሚገጠምበት አቁመው ሦስት አራት ጊዜ እስከ መጨረሻው ይጫኑትና ይሳቡት፤ ተኝቶ የከረመ አሞርዛተር ውስጡ አየር ስለሚቀላቀል ይህ ሳይደረግ መፍረድ አይቻልም። ከዚያ በኋላ በዝግታ ሲጫኑትም ሲስቡትም መቋቋሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል መሆን አለበት። አቅጣጫ ሲቀይሩ ለአፍታ ባዶ የሚሄድበት ቦታ ካለ፣ ዘንጉ ላይ ጭረት ወይም ዝገት ከታየ፣ ወይም በማተሚያው ጎማ ዙሪያ አዲስ ዘይት ካለ ይተውት። ጋዝ ያለበት ዓይነት ሲለቀቅ በራሱ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ በዘይት ብቻ የሚሠራው ግን ስለማይወጣ፣ የየትኛው ዓይነት መሆኑን ሳያውቁ በዚህ ብቻ አይፍረዱ።

አራተኛው ጠግኖ ዘይት መሙላት ነው። አካሉ ተበስቶ ዘይት ይጨመርና ቀዳዳው ይበየዳል። የዘይቱ ቅጥነት ከፋብሪካው ጋር አይመሳሰልም፣ ጋዝ የነበረው ጋዙ አይመለስም፣ የብየዳው ሙቀትም ማተሚያውን ይጎዳል፤ ያፈሰሰበት ማተሚያ ራሱ ካልተቀየረ ደግሞ ዘይቱ እንደገና መውጣቱ አይቀርም። አዲስ እስኪገኝ መንገድ ለመጨረስ ካልሆነ በቀር ገንዘብ ባይወጣበት ይሻላል።

ከአራቱ የትኛውም ቢመረጥ ግራና ቀኝ አብረው መቀየር አለባቸው፤ አንዱ ጠንካራ ሌላው ደካማ ሲሆን መኪናው በፍሬንና በመታጠፊያ ላይ ወደ አንድ ወገን ይወላገዳል። ከአሞርዛተሩ ጋርም የላይኛውን መቀመጫ፣ የጎማ ማቆሚያውንና የአቧራ መከላከያውን ዋጋ ደምሮ ማሰብ ይገባል። በጀቱ ውድ አሞርዛተርን ከአሮጌ መቀመጫ ጋር ወይም መካከለኛ አሞርዛተርን ከአዲስ መቀመጫ ጋር ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ፣ ሁለተኛውን ይምረጡ። የእኔ ኮሮላ ያስተማረችኝ ይህንኑ ነው።

ጎሚኒ፦ ጎማውን ብቻ፣ ዘንጉን ሙሉ ወይስ ቶርኖ ቤት?

የጎን ዘንጎቹ ቀጥ ያሉና ያልዛጉ ከሆኑ አሮጌውን ጎሚኒ በፕሬስ አስወጥቶ አዲስ ማስገባት በዋጋ የተሻለው መንገድ ነው። ጎሚኒ በመዶሻ እየተመታ ሲገባ የውጭ ቀለበቱ ይጣመማል፣ ጎማውም ከመጀመሪያው ቀን ይቀደዳል፤ ስለዚህ ፕሬስ ወዳለበት ቤት መውሰድ የግድ ነው። የዘንጉ ዓይን በዝገት ከሰፋ ወይም የዘንጉ ብሎን በውስጠኛው ቱቦ ላይ ተጣብቆ ካልወጣና በመቁረጫ ከተቆረጠ፣ ዘንጉን ከነጎሚኒው መግዛት ድካሙን ይቀንሳል። ያገለገለ ዘንግ ከገዙ ግን በላዩ ያለው ጎሚኒም የሌላ መኪና ዕድሜ የተቆጠረበት መሆኑን አይርሱ፤ ብረቱን ገዝቶ ጎማውን ማደስ ይሻላል።

የቪትዝ ምሰሶ ጎሚኒ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በውስጡ ሆን ተብለው የተተዉ ክፍተቶች አሉት፤ ክፍተቶቹ ጎማው በአንድ አቅጣጫ እንዲለሰልስ፣ በሌላው እንዲጠነክር ያደርጉታል። ስለዚህ አሮጌው ከመውጣቱ በፊት የክፍተቱን አቅጣጫ በምሰሶው ላይ በቀለም ምልክት አድርገው ወይም በስልክ ፎቶ አንስተው፣ አዲሱ በዚያው አቅጣጫ እንዲገባ ያድርጉ።

በቶርኖ ቤት (ዕቃ በማሽን በሚቀረጽበት ቤት) የሚሠራ የፕላስቲክ ጎሚኒና በገበያ የሚገኘው ጠንካራው የፖሊዩሬቴን ዓይነት ዕድሜያቸው ረጅም ነው ተብለው ይመከራሉ። ለስታቢላይዘር ማሰሪያ በልክ የተሠራ ፖሊዩሬቴን በተገቢው ቅባት ከተገጠመ አልቃወምም። ለምሰሶው ጎሚኒ ግን አልመርጠውም፤ ያ ጎሚኒ በብዙ አቅጣጫ እየተጠመዘዘ የሚሠራ ስለሆነ፣ በማይለመጥ ቁስ ሲተካ የመንገዱን ንዝረት ሁሉ ወደ መኪናው አካል ያስተላልፋል፣ ቅባቱ ሲያልቅም ያንኑ ለማጥፋት የተነሱበትን «ሲጥ ሲጥ» መልሶ ያመጣል።

ሞላና ባሌስትራ

ሞላ ሲሰበር ብዙውን ጊዜ የሚሰበረው ጫፉ ላይ ስለሆነ ስብራቱ በመቀመጫው ውስጥ ተደብቆ ሊቀር ይችላል። መኪናውን በደልዳላ ቦታ ባዶ አቁመው ከጎማው መሃል እስከ መከላከያው ጠርዝ ያለውን ከፍታ በግራና በቀኝ ይለኩ፤ ልዩነቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ሞላውን አጥርቶ ማየት ይገባል። ሞላ አይበየድም፣ በእሳት ሞቆም አይሳብም። ያልተሰበረና ያልዛገ ያገለገለ ጥንድ፣ ከአንድ መኪና የወጣና ከመኪናዎ ዓይነት ጋር አንድ ከሆነ፣ እዚህ ላይ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ሞላ እንደ አሞርዛተር ውስጡ የሚያልቅ ነገር የለውምና።

በሃይሉክስና በመሰሎቹ ላይ በመጀመሪያ የሚታዩት ባሌስትራውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙት ጎሚኒዎችና ባሌስትራውን ከአክሱ ጋር የሚያስሩት ጠማማ ብሎኖች ናቸው። የብሎኖቹ መላላት የመሃል ብሎኑን ስለሚቆርጠው አክሱ ከቦታው ይንሸራተታል፤ ከድምፅ አልፎ የደኅንነት ጉዳይ በመሆኑ ለነገ አይባልም።

ብሎኑ የሚጠብቅበት ሁኔታ

ጥሩ ዕቃ ተገዝቶ፣ በፕሬስ ገብቶ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ድምፁ ሲመለስ ባለቤቱ ዕቃውን ይወቅሳል። ከዕቃው በፊት ግን አገጣጠሙን መጠየቅ ይገባል። ጎሚኒ የሚሽከረከር ነገር አይደለም፤ የውስጥ ቱቦው በብሎኑ ተጨምቆ ይያዛል፣ የውጭ ቀለበቱ ከዘንጉ ጋር ይሄዳል፣ በመካከላቸው ያለው ጎማ ደግሞ እየተጠመዘዘ ይመለሳል። መኪናው በክሪክ ተንጠልጥሎ፣ ጎማዎቹ ወደ ታች በወረዱበት ብሎኑ ከጠበቀ፣ የጎሚኒው የዕረፍት ቦታ ያ የተንጠለጠለበት ይሆናል። መኪናው መሬት ሲይዝ፣ ገና ሳይነዳ የጎሚኒው ጎማ ተጠምዝዞ ይቆማል፤ እያንዳንዱ ጉድጓድ ያንን ጥምዘዛ ይጨምርበታልና ቶሎ ይቀደዳል።

ስለዚህ ብሎኖቹን ሁሉ በእጅ ያህል ብቻ ያስይዟቸው፤ መኪናውን አውርደው ወይም ጉድጓድ ላይ በጎማዎቹ አቁመው፣ ከኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ተጭነው ከለቀቁት በኋላ በሙሉ ኃይል ያጥብቁ። የመጥበቂያው መጠን ለየመኪናው በጥገና መጽሐፉ የተጻፈ ስለሆነ፣ የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ ያለውን ጋራዥ መምረጥ ይሻላል። መካኒኩ መኪናውን ሳያወርድ ማጥበቅ ሲጀምር ካዩ፣ በአክብሮት አስቁመው «መሬት ላይ ሆኖ ይጠብቅልኝ» ይበሉት። ኢ110 ላይ የጎን ዘንጎቹ ከተፈቱም የኋላ ጎማዎችን አቅጣጫ ማስለካት ያስፈልጋል፤ ከኋለኞቹ የጎን ዘንጎች ጋር ያለው ማስተካከያ ከቀድሞ ቦታው ጥቂት ቢንቀሳቀስ የኋላ ጎማ በአንድ ወገን ይበላል። ሥራው ካለቀ ከ500 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ፣ መኪናው አሁንም በጎማዎቹ ቆሞ፣ የተነኩትን ብሎኖች እንደገና አስፈትሹ።